ከወሊድ ጋር የሚመጣው የልብ ጡንቻ ሕመም ምንድን ነው? በደቡብ ሱዳንስ ለምን ያሳስባል?

በእርግዝና መጨረሻ ሳምንታት የእግር ማበጥ፣ ድካም እና የትንፋሽ ማጠር ብዙ እናቶች የሚያውቋቸው ስሜቶች ናቸው። ከወሊድ በኋላ ያልፋሉ ተብሎ ስለሚታሰብም እምብዛም አያስደነግጡም። አንዳንድ ጊዜ ግን እነዚሁ ስሜቶች የልብ ጡንቻ መዳከሙን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው።

ሐኪሞች ይህንን ሕመም ፔሪፓርተም ካርዲዮማዮፓቲ ይሉታል። ቀድሞ የልብ ችግር ባልነበረባት ሴት ላይ በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ይከሰታል። በጊዜ ከተደረሰበት ልብ ወደ ቀድሞ አቅሟ ልትመለስ ትችላለች። ከዘገየ ግን ሕይወት ይቀጥፋል።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.አ.አ. ለ2020 ባወጡት ግምት፣ በደቡብ ሱዳን በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 1,223 እናቶች ይሞቱ ነበር። ይህም በወቅቱ ከዓለም ከፍተኛው ነው። የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን እና የደም ግፊት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ናቸው። የልብ ሕመም ግን ያለ ምርመራ ስለማይለይ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

ልብ ላይ ምን ይደርሳል?

ጤናማ የልብ ግራ ክፍል በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ሰውነት ይረጫል። በዚህ ሕመም በተያዘች ሴት ይህ መጠን ከ45 በመቶ በታች ይወርዳል። ወደፊት መሄድ ያቃተው ደም ወደኋላ ሲጠራቀም ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፣ እግርም ያብጣል። መጠኑ የሚለካው በልብ አልትራሳውንድ ነው።

የሕመሙ መንስኤ ተጠቃልሎ አልታወቀም። ተመራማሪዎች ካተኮሩባቸው ነገሮች አንዱ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ ሲሰነጠቅ የሚፈጠረው ቁራጭ የልብን ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደሚጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። እ.አ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የልብ ጡንቻን በሚገነቡ ፕሮቲኖች፣ በተለይም በቲቲን ዘረ መል ላይ ለውጥ አግኝቷል። መንታ ማርገዝ፣ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት እና የዕድሜ መግፋት ተጋላጭነትን ይጨምራሉ።

በአፍሪካ ምን ይታወቃል?

የሕመሙ ስርጭት ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። በደቡብ አፍሪካ ከ1,000 ወሊዶች በአንዱ ገደማ፣ በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ ከ100 ወሊዶች በአንዱ ገደማ እንደሚታይ የተደረጉ ጥናቶች ይጠቁማሉ።

እ.አ.አ. ከ2007 እስከ 2010 ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ኬንያን እና ዩጋንዳን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት የተካሄደ ጥናት 1,006 የልብ ድካም ሕመምተኞችን ተከታትሏል። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ነበር። በበለጸጉት አገራት የልብ ድካም በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ሲሆን፣ በአፍሪካ ግን በሥራና በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉትን እንደሚያጠቃ ጥናቱ አመልክቷል። ጥናቱ ሲጠናቀቅ ደቡብ ሱዳን ገና ነጻ አገር አልነበረችም።

ሕክምናው በጁባ ምን ይፈትነዋል?

በሰውነት የተጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጡ እና የልብን ጫና የሚያቀሉ መድኃኒቶች ዋጋቸው ያን ያህል ውድ አይደለም። ከባዱ ነገር ሕመሙን መለየት ነው። የአገሪቱ ዋነኛ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የሚገኘው በመዲናዋ ነው። ከ2019 ወዲህ በተደጋጋሚ በጎርፍ የተጥለቀለቁት የዩኒቲ እና የጆንግሌ ግዛቶች ነዋሪ ለሆነች እናት ጁባ መድረስ ራሱ ፈተና ነው።

የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው የአካባቢው አገራት ሕመምተኞች እ.አ.አ. በ2007 በካርቱም በተከፈተው የሳላም የልብ ሕክምና ማዕከል ያለ ክፍያ ይታከሙ ነበር። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህንን ጉዞ አደገኛ አድርጎታል።

ሌላም ከባድ ምርጫ አለ። ፕሮላክቲንን የሚያግደው ብሮሞክሪፕቲን የተባለው መድኃኒት እ.አ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ 20 ሴቶች በተሳተፉበት አነስተኛ ሙከራ ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል። ሆኖም መድኃኒቱ የእናት ጡት ወተትን ያደርቃል። ንጹሕ ውኃ እና የዱቄት ወተት እንደልብ በማይገኙበት ቦታ እናትን ለማዳን የተሰጠው መድኃኒት ሕፃኑን ለረሃብና ለተቅማጥ ሊያጋልጠው ይችላል። የደም መርጋት ስጋትም ስላለ የደም ማቅጠኛ አብሮ እንዲሰጥ ይመከራል።

ምን ላይ ማተኮር ይገባል?

በሄይቲ የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ፌት ያዘጋጁት መጠይቅ መሣሪያ የማይጠይቁ ስድስት ነጥቦችን ይዟል፦ ጋደም ሲሉ የትንፋሽ ማጠር፣ በእንቅስቃሴ ወቅት የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሳል፣ የእግር እብጠት፣ በእርግዝና የመጨረሻ ወር ያልተለመደ የክብደት መጨመር እና የልብ ትርታ መፍጠን። ምልክቶቹ በበረቱና በበዙ ቁጥር ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። በተለይ በጀርባዋ መተኛት ያቃታት ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት የምትነቃ እናት ጊዜ ሳትሰጥ ልትታይ ይገባል።

49 አገራትን ያካተተና 739 ሴቶችን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሕመሙ በታወቀ በስድስት ወራት ውስጥ 6 በመቶዎቹ ሞተዋል፤ ከግማሽ በትንሹ የሚያንሱት ደግሞ የልባቸው አቅም ተመልሷል። ሌሎቹ ረዘም ያለ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ሕመሙ በቀጣይ እርግዝና ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ልባቸው ሙሉ በሙሉ ያላገገመ ሴቶች ዳግም እንዳያረግዙ ሐኪሞች ይመክራሉ። ብዙ ልጅ መውለድ በሚከበርበት ማኅበረሰብ ይህ ምክር ለሚስት ብቻ የሚነገር አይደለም። ባልና ቤተሰብም የምክሩን ምክንያት ሊረዱት ይገባል።