ቁልፏ ትሰበር፣ ዘንጉ ይትረፍ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የወለጋ አንድ የአጨዳ ሰሞን ላጫውታችሁ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ከባኮ በሲሬ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባ መንገደኛ ግራ ቀኙን የሚያየው በቆሎ ነው። ባኮ እኮ የቢኤች 660 አገር ናት፤ ያ ስመ ጥር ድቅል በቆሎ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዚያው ከምርምር ማዕከሏ ነው። በዚህ ወቅት መፈልፈያ ማሽን ያለው ወጣት እንቅልፍ አያውቅም፤ ከአንዱ አውድማ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይመሻል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በሥራው መሐል፣ ሞተሩ እየጮኸ መፈልፈያው ቆመ። የሞተሩ ዘንግ ይዞራል፣ ፑሌጃው አይዞርም። ወጣቱ ፑሌጃውን አወለቀ። ዘንጉንና ፑሌጃውን አንድ ላይ የምታስረው ቁልፍ፣ ያቺ የጣት ስፋት የማትሞላ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ለሁለት ተቆርጣለች፤ ግማሿ በዘንጉ ጎድጓድ ውስጥ ዝጋ ተጣብቃለች። ገበሬው ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ወጣቱ ትልቁን መዶሻ አነሳ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ደግነቱ ከመምታቱ በፊት አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ባለሙያ ይየው» አሉት። ሞተሩ በባጃጅ ተጭኖ ነቀምቴ ገባ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት አዛውንት መካኒክ መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቀሉ፤ የቤንዚኑን መዝጊያም ዘጉ። ሞተሩ ሳይታሰብ ቢነሳ ጣት ይወስዳልና!

«ጋሼ፣ በእሳት ብናሞቀውስ?»

«ዘይት የሚይዘው ጎማ ይቀልጥብሃል።»

«ዘንጉን ፊት ለፊት ብንመታውስ?»

«ምቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታውን ይጎዳል፤ የአሉሚኒየም አካሉንም ይሰነጥቃል። ልጄ፣ ቁልፏ ከዘንጉ የለሰለሰች ብረት የሆነችው በከንቱ አይደለም። ጭነት ሲበዛ እሷ እንድትቆረጥ፣ ዘንጉ እንዲተርፍ ነው። እሷን አናድናትም፤ እሱን ነው የምናድነው።»

ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፈሰሱበት፤ ዘይቱ እስኪሰርግ ሻይ አዘዙ። ወጣቱ ተቁነጠነጠ፤ እሳቸው ግን ሻያቸውን እስኪጨርሱ መዶሻ አልነኩም።

ጎድጓዱ ከውጭ በኩል ክፍት ነው። ስለዚህ ቀጭን መሮ ከውስጥ በኩል፣ በቁልፏ ጫፍ ላይ አስደግፈው፣ በትንሽ መዶሻ ወደ ውጭ መቱ። አንድ፣ ሁለት… አልነቃነቅ አለች። ዘይት ጨመሩ። እንደገና ቀስ ብለው መቱ። ብረቷ ፀጉር ታህል ተንቀሳቀሰች፤ ቀጥሎም ተንሸራታ ወጣች። ዘንጉ ላይ ጭረት እንኳ የለም!

አዛውንቱ ጎድጓዱን በሞረድ አለሰለሱ፤ አዲሷን ቁልፍም በአውራ ጣታቸው ገፍተው አስገቡ። «በመዶሻ ካልሆነ የማትገባ ቁልፍ፣ ነገ በመዶሻም አትወጣም» አሉ። ወጣቱ፣ እንዳትቆረጥ ጠንካራ ብረት ቢተካባትስ ብሎ ሲጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ያኔ የሚቆረጠው ዘንጉ ነው። የቁልፍ ዋጋ ታውቃለህ፤ የዘንግስ?»

ወጣቱ ለመልሱ አልቸኮለም። ሁለት መለዋወጫ ቁልፍ ገዝቶ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና በመጣበት ባጃጅ ወደ አውድማው ተመለሰ። ማሽን ያላችሁ ሁሉ፣ እናንተም ከአጨዳ በፊት እንዲሁ አድርጉ፤ በወለጋ መኸር የአንድ ቀን ሥራ መፍታት የብዙ ቤት እህል ያዘገያል።