ቀንድ አውጣ፣ ጥገኛ ትልና የመሐንዲሱ ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው፣ ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የጫጫን ከተማ ያገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ደጋ፣ ክረምት ሲገባ መረሬው አፈር ውኃ ያቁራል፤ የወንዙ ዳርና ዝቅተኛው መስክ ጨፌ ይሆናል። ዝናሙ ካባራ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው የጨፌ ሣር ለመንጋው ዋና ግጦሽ ነው። ይሁን እንጂ ከሣሩ ጋር የጉበት ትል አብሮ ይበላል። በሽታው የያዘው በግ ይከሳል፤ የዓይኑ ሽፋን ይነጣል፤ መንጋጋው ሥር እብጠት ይንጠለጠላል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። በግ ለዚህ አገር ገበሬ የበርኖሱ ሱፍ፣ የዓመት በዓሉ ሥጋና የክፉ ቀኑ ጥሪት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከጋጣው አልፎ ከቤት ይገባል።

የዚህ በሽታ ምንጭ እንዴት እንደታወቀ የሚናገረው ታሪክ የሐኪሞችና የእንስሳት ሐኪሞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ውኃን የሚገድብ፣ የሚያሻግርና የሚያጠነፍፍ ባለሙያ ሁሉ ከታሪኩ ውስጥ ድርሻ እንዳለው በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1879 እና በ1880 በእንግሊዝ አገር የጉበት ትል 3 ሚሊዮን ያህል በጎችን ፈጀ። እረኞች እርጥብ መስክ በጎችን እንደሚጎዳ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ የማያውቁት ምክንያቱን ነበር። በዚያን ጊዜ የንጉሣዊው እርሻ ማኅበር አልጀርነን ቶማስ ለተባለ የኦክስፎርድ ወጣት ምሁር ምርመራውን ሰጠው። ቶማስ በጭቃ ላይ የምትኖረውን፣ ቁመቷ ከ1 ሴንቲሜትር እምብዛም የማይበልጠውን ሊምኒያ ትሩንካቱላ የተባለች ቀንድ አውጣ መረመረ። ከእንቁላል የወጣው እጭ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ እንደሚባዛ፣ በኋላም ባለ ጅራት ሰርካሪያ ሆኖ እንደሚወጣና ሣር ላይ ተጣብቆ ዛጎል እንደሚሠራ አረጋገጠ። በላይፕሲክ ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ሎይካርትም በዚያው ሰሞን ለብቻው ከዚሁ ውጤት ደረሰ። እስከ 1883 ድረስ ነገሩ ታትሞ ለዓለም ታወቀ።

ቢልሃርዝያ ግን ሌላ 30 ዓመት ፈጀ። ቴዎዶር ቢልሃርዝ ትሉን በካይሮ ያገኘው በ1851 ቢሆንም፣ ስመ ጥሩው ሊቅ አርተር ሎስ በሽታው ያለ ቀንድ አውጣ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ ይተላለፋል ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር። በ1913 ጃፓናውያኑ ሚያኢሪና ሱዙኪ በአገራቸው ለሚገኘው ዓይነት ቀንድ አውጣ አስተላላፊ መሆኗን አሳዩ። በ1915 ደግሞ ሮበርት ሌፐር ግብፅ ሄዶ፣ የፊኛውና የአንጀቱ ቢልሃርዝያ በሁለት የተለያዩ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች የሚተላለፉ ሁለት በሽታዎች መሆናቸውን አስረዳ።

እነዚህ ሰዎች የተጠቀሙበት ዘዴ ዛሬም አልተለወጠም። ቀንድ አውጣዎቹ ንጹሕ ውኃ በያዙ ትንንሽ ብልቃጦች ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸውም ሰርካሪያው ይወጣል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የቢልሃርዝያው ጅራት ጫፉ ላይ እንደ መንሽ ሹካ ይሆናል። የጉበት ትሉ ጅራት ግን ያልተከፈለ ነው፤ ሰርካሪያውም ጥቂት ዋኝቶ ቶሎ ዛጎል ይሠራል። ይሁንና ጅራቱ የተከፈለ ሁሉ የሰው ጠላት አይደለም። የወፎች ቢልሃርዝያም ተመሳሳይ ጅራት አለው፤ በባሕር ቀንድ አውጣዎች ውስጥ እንኳ ይገኛል፤ የሚዋኝን ሰው ቆዳ ከማሳከክ ግን አያልፍም። ስለዚህ መርማሪው የመምጠጫ አፎቹን፣ የዓይን ነጥቦቹንና የእጢዎቹን አቀማመጥ ጭምር ማየት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ስሕተት ከተሠራ ንጹሕ ውኃ የተበከለ ይባላል፤ የተበከለውም በንጹሕነት ይታለፋል።

በአገራችን የዚህ ጥናት ስም ከዶክተር አክሊሉ ለማ ጋር የተያያዘ ነው። በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቀንድ አውጣ መርዝ መሆኑን ለማረጋገጥ መነሻ ሆነ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም እንዶድም ቢሆን የትኛው ውኃ ውስጥ እንደሚጨመር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህንንም የሚናገረው ከብልቃጡ የሚወጣው ሰርካሪያ ነው።

የመሐንዲሱ ነገር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የመስኖው ቦዮች ለቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ መራቢያ መሆናቸው በጥናት ታውቋል። ለእንደዚህ ያለው ቦታ መፍትሔው መጸዳጃ፣ አረም የማይበቅልበት ቦይና የውኃው ፍጥነት ነው። ውኃ ቀስ ባለበት፣ ሣርም በበዛበት ቦይ ቀንድ አውጣ ቤቱን ይሠራል። የጫጫ ደጋ ግን ለቢልሃርዝያ ብርዱ አይመችም፤ የዚያ ጠላት የጉበት ትል ነው፤ የሚያድረውም በቦይ ውስጥ ሳይሆን በረጠበ ጭቃ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ማጠንፈፍ፣ ለከብት ደረቅ መጠጫ ገንዳ መሥራትና ጨፌውን በአጥር መለየት ይሆናል። የወንጂን መፍትሔ ለጫጫ፣ የጫጫንም ለወንጂ የሚሰጥ መሐንዲስ ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

ማጠንፈፍም ቢሆን ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል ከአገራችን ተቋሞች ጋር በመተባበር፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ፈሰስ የሚያወጣ፣ በሬ የሚስበው መሣሪያ ለመረሬ አፈር አዘጋጅቶ ነበር። መሣሪያው ማሳውን ከውኃ ያድናል። ነገር ግን የፈሰሱ ውኃ መውጫ ካልተበጀለት ቁልቁል ወርዶ የግጦሹን መስክ ያረጥባል፤ ለእህሉ የተገኘው ጥቅም በበጉ ጉበት ይከፈላል። ከማሳው ጫፍ እስከ ወንዙ ያለው መንገድ በአንድ ንድፍ ካልታየ ሥራው በግማሽ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ከ1883 ወዲህ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን፣ ውኃን በጅምላ መፍራትም ሆነ በጅምላ ማመን እንደማያዋጣ ነው። የግድብ፣ የቦይ ወይም የማጠንፈፊያ ጥናት ሲጀመር የአፈሩና የዝናሙ መዝገብ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ በዚያ ውኃ የሚኖረው ቀንድ አውጣ የትኛው እንደሆነና ምን እንደሚያስተላልፍ መጠየቅ ይገባል። ምርመራው ጥቂት ብልቃጥ፣ አንድ አጉሊ መነጽርና የሠለጠነ ዓይን ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄው ቁፋሮ ሳይጀመር ከቀረበ፣ የመሐንዲሱ ሥራ ለገበሬው ውኃ ሲያመጣለት በሽታ አያመጣበትም።