ከቆርቆሮ የተሠራው አውሮፕላን

ውድ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የልጆች መጫወቻ ነው። «መጫወቻ ለትልቅ ሰው ምን ያደርግለታል?» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጫወቻው በጦር ማመላለሻ አውሮፕላን አምሳል ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። ማመላለሻ አውሮፕላን ወታደር፣ ስንቅና መድኃኒት ይጭናል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች እነዚህን አሮጌ መጫወቻዎች እየፈለጉ የሚሰበስቡ አዋቂ ሰዎች አሉ። ለምን ይሰበስቧቸዋል? መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት በቆርቆሮ መጫወቻ የታወቀችው የጀርመን ከተማ ኑረንበርግ ነበረች። በኋላ ጃፓኖችም ሙያውን ያዙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ ጃፓን ተሸነፈች። ከተሞቿ ተቃጥለው ነበር፤ ሕዝቧም ተራበ። የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ያዘ። ወታደሮቹ ምግባቸውን እየበሉ ባዶውን ጣሳ ይጥሉት ነበር። ኮሱጌ ማትሱዞ የሚባል መጫወቻ ሠሪ ያንን ጣሳ ሰበሰበ። ቆረጠው፣ አጠፈው፣ ወታደሮቹ የሚነዱትን ጂፕ አስመስሎ ሠራበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኪዮቶ ከተማ ለገበያ ቢያወጣው ሕዝቡ ተሻማበት።

በ1947 የውጭ ንግድ ሲፈቀድ የጃፓን መጫወቻ በብዛት ወደ አሜሪካ ይላክ ጀመር። አውሮፕላንም ተሠራ። ክንፉ ላይ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮከብ ይታተምበታል። በአንዳንዱ ሆድ ውስጥ ከባድ መሽከርከሪያ አለ። ልጁ መሬት ለመሬት ገፋ ገፋ አድርጎ ሲለቀው፣ መሽከርከሪያው ጉልበቱን ይዞ ስለሚቆይ አውሮፕላኑ ብቻውን ይሮጣል።

አሁን ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ በተሠሩት መጫወቻዎች ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ትገኛለች። «በወረራ በተያዘች ጃፓን የተሠራ» ትላለች። ጽሑፏ በ1947 ተጀመረች፤ ወረራው በ1952 ሲያበቃ ቀረች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዕቃውን ቢያገላብጠው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው። ያነበበ ሰው ግን ዘመኑን ያውቃል። የተሸነፈ ሕዝብ የአሸናፊውን አውሮፕላን በመጫወቻ እየቀረጸ እንጀራውን እንዳበሰለም ይረዳል።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፕላስቲክ ቆርቆሮውን ከገበያ እያስወጣው ሄደ። የቀረው እንዳይጠፋ ሰብሳቢዎች ተነሡ። ኪታሃራ ቴሩሂሳ የተባለ ጃፓናዊ በ1986 በዮኮሃማ ከተማ የቆርቆሮ መጫወቻዎች ሙዚየም ከፈተ። ጥሩ ሰብሳቢ ዕቃውን ከእርጥበት ይጠብቃል። ቀለሙ ቢላቀቅም ደግሞ አይቀባውም። የመጣበትን ካርቶን እንኳ አይጥልም።

እውነተኛው አውሮፕላንስ? በ1948 ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደው የመኪናና የባቡር መንገድ ሲዘጋ፣ ለከተማው ሕዝብ ምግብና ከሰል ያደረሱት ማመላለሻ አውሮፕላኖች ናቸው። ጌይል ሃልቨርሰን የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በመሐረብ ጃንጥላ እያሰረ ለልጆች ከረሜላ ይጥል ነበር። ወደ አገራችንም እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሲ-47 በሚባል የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ነው። በ1977ቱም ረኃብ ሄርኩለስ የሚባሉ የጦር አውሮፕላኖች መኪና ወደማይደርስበት ቦታ እህል ከአየር ጥለዋል።

እኔ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ከዘይት ጣሳና ከሽቦ የሠራውን አውሮፕላን ክፍል ውስጥ ሲያበር አገኘሁትና ነጥቄ በመስኮት ወረወርኩት። ልጁ ምንም አላለም። ዛሬ ይህን ታሪክ ሳነብ እጁ ትዝ ይለኛል። ጣሳውን ያጠፈው ልክ እንደ ኮሱጌ ነበር። የእኛ ልጆች የሠሩትን ማን ሰብስቦ አስቀመጠው?

እንግዲህ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በቤታችሁ ካለው አሮጌ ዕቃ አንዱን አንሡ። አገላብጡት። የተጻፈበትን ፊደል በፊደል አንብቡ። ልጃችሁ ከጣሳ የሠራው ነገር ካለም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበትና አስቀምጡለት።