ከዋሻው እስከ ጀጎል

የታሪክ ምስክር በብራና ላይ የሰፈረው ቃል ብቻ አይደለም። ድንጋይና አፈርም ለሚጠይቃቸው ሰው ይመሰክራሉ። ይህንን በይበልጥ የተረዳነው ከድሬዳዋ ተነሥተን ወደ ሐረር በመኪና በተጓዝን ጊዜ ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያሳየው ዘመን ግን 40,000 ዓመት ግድም ይሆናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጕዞውን ከዋሻው መጀመር ይገባል። ከድሬዳዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የደቻቱን ሸለቆ ቍልቍል ከሚያይ ገደል ላይ ይገኛል። ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» ብለውታል፤ ትርጓሜውም ጃርት ማለት ነው። በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ፥ በ1933 ደግሞ ብሩይና ቬርነርት ቈፈሩት፤ በ1970ዎቹም ዴዝሞንድ ክላርክ ሥራውን ቀጠለ። ከአፈሩ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችና የሰው መንጋጋ ስባሪ ወጡ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቀዩና ብጫው የቀለም አፈር ነው፤ ተቈጥሮ 4,213 ስባሪ፥ ተመዝኖም 40 ኪሎ ግራም ያህል ሆኗል። ከነመፍጫ ድንጋዩ የተገኘ ሲሆን፥ የዋሻው ሰዎች ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሲገለገሉበት እንደ ነበር ሊቃውንት አስረድተዋል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ከሆድ አልፈው ለመልክና ለምልክት የሚያስቡ ነበሩ ማለት ነው።

ድሬዳዋ ግን የትናንት ልጅ ናት። የባቡሩ ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1902 ከቈላው ላይ ቆመ፤ ከተማዪቱም በዚያው ተቈረቈረች፥ «አዲስ ሐረር» ተብላም ተጠራች።

የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ደጋውን የተሻገረ መንገደኛ ከነባሪቱ ሐረር ይደርሳል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያጠሩት ጀጎል ከአምስቱ ጥንታውያን በሮቹ ጋር ዛሬም ቆሟል፤ በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከነባር የሐረሪ ቤት የገባ እንግዳም መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቶ ያገኘዋል፤ ቀይነቱም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። የዋሻውና የሐረሪው ቤት ልማድ አንዱ ከሌላው ወረደ አንልም፤ በመካከላቸው እጅግ ሰፊ ዘመን አለና። ነገር ግን ሰው ማደሪያውን መጠለያ ብቻ አድርጎ እንደማይተወው ሁለቱም ይመሰክራሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጠባቂ ነገር ነው። ጀጎል ልጆች አሉት፤ ግንቡ ቢሰነጠቅ የሚያይ፥ ቤቱ ቢያረጅ የሚለስን ነዋሪ አለው። ዋሻው ግን ወራሽ የለውም። ከግድግዳው ሥዕል ላይ ስሙን የሚጭር፥ ወይም ለመታሰቢያ ብሎ አንዲት ስባሪ ድንጋይ በኪሱ የሚከት ጐብኚ ጥፋቱ ትንሽ ይመስለዋል። ሆኖም ድንጋይ ዕድሜው የሚታወቀው ከተኛበት የአፈር ድርብርብ ነው፤ ከዚያ ከተነሣ አፉ ተዘጋ ማለት ነው። የተቀደደ ብራና ሌላ ቅጂ ይገኝለት ይሆናል፤ የተበጠበጠ አፈር ግን ቅጂ የለውም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ጀጎል ሲወስዱ ዋሻውንም እንዲያሳዩ፥ ሹማምንትም ለግንቡ የሚሰጡትን ጥበቃ ለገደሉም እንዳይነፍጉ እናሳስባለን። ወራሽ የሌለው ቅርስ የሁላችንም አደራ ነውና።