ዳገትና ዱላ ቅብብል፦ ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አገሩ ደጋ መሆኑ ነው። አየሩ ስስ፣ መሬቱም ዳገት ስለ ሆነ ሕዝቡ አስተማሪ ሳያሻው ሯጭ ሆነ ይባላል። ይህ አባባል ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው የሯጩን ድካምና የአሠልጣኙን ዕውቀት ነጥቆ ለተራራው የሚሰጥ ሆኖ እናገኘዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዳገት በኢትዮጵያ የሩጫ ታሪክ ውስጥ የነበረውን ድርሻ መመርመር ሲሆን፣ ለመመዘኛም የዱላ ቅብብልን ወስደናል። ዘመኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን መጽሐፍ ሳይሆን እግራችን ነው። ለተማሪዎች የረጅም ርቀት ዱላ ቅብብል ውድድር አራት ሆነን ስንዘጋጅ ልምምዳችንን በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አደረግን። ይህ ቦታ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በውስጡ ጽድ፣ ኮሶና ወይራን የመሰሉ የአገር ዛፎች ሲገኙ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ብዙውን ተዳፋት ይዞ ኖሯል።

በመጀመሪያው ቀን የደረሰብን እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ሯጫችን ከዳገቱ ሥር በኃይል ተነሣ፤ ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ግን እግሩ ከበደው፣ ዱላውንም ያስረከበው እየተራመደ ነው። ተቀባዩም የጠፋውን ጊዜ ለመመለስ ሲል ያንኑ ስሕተት ደገመ። ፈረስ ዳገት ሥር ከደረሰ በኋላ ገብስ ቢያበሉት አይጠቅመውም የሚባለው እውነት መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን። እኛ አራታችንም በደጋ ተወልደን ያደግን ነን። ዳገቱ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰብን ነበር።

ነገሩን በሥነ ፍጥረት ትምህርት ብናየው ምክንያቱ ግልጥ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱን ወደ ላይ መሸከም አለበት፤ ርምጃው ያጥራል፣ ክንዱና ወገቡም ከእግሩ ጋር ይሠራሉ። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የጭኑ ጡንቻ እንደ ልጓም ሆኖ ሰውነቱን ስለሚይዝ፣ ያልለመደ ሰው በማግሥቱና በሠልስቱ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል። ስለዚህ ዳገት ጥቅም የሚሰጠው ልክና ሥርዓት ሲበጅለት ነው። ያለ ሥርዓት ከተሮጠ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ታሪኩም ይህንኑ ያረጋግጣል። የእንጦጦ ተራራ ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ በላዩ ከመከተማቸው በፊትም ነበረ፤ ከተማው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም በቦታው አለ። ሆኖም ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ውድድር የተሰለፈችው ገና በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ያን ጊዜ የሄዱት ተወዳዳሪዎች 12 ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ማሞ ወልዴ ነበር። በኋላ በማራቶን ዓለም ያወቀው ይህ ሰው በሜልቦርን የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና 4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እንግዲህ የአገራችን የኦሊምፒክ ታሪክ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ዱላ ቅብብል አለበት።

በተራራውና በሜልቦርን መካከል የገባው አዲስ ነገር ትምህርት ነው። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ወጣቶችንና የክብር ዘበኛ ወታደሮችን በሥርዓት አሠለጠኑ። ረጅም ሩጫን፣ በየመካከሉ ፈጥኖ መሮጥን፣ ኮረብታ መውጣትንና ዕረፍትን በየተራው የሚመድብ ልምምድ ተጀመረ። ወታደሮቹም በአንድ ሰፈር ይኖሩ፣ በአንድ ሰዓት ይነሡ፣ በአንድነት ይሮጡ ነበር።

ፍሬው በሮማ ታየ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ሮማ ግን ደጋ አይደለችም። በዚያው ውድድር ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊም ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ሰው ሲሆን፣ አሠልጣኙ አርተር ሊዲያርድ ሯጮቹን በኦክላንድ አካባቢ ኮረብታዎች በማስሮጥ የታወቀ ነበር። ኮረብታን ለልምምድ ማዋል የደገኞች ብቻ ርስት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በሮማ ሌላም ነገር አለ። አበበ ዋቅጅራ የተባለው ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ በዚያ ሌሊት ሰባተኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ አበበ ቢቂላ ድሉን ሲደግም ደምሴ ወልዴ አሥረኛ ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ውድድሩን አቋርጦ ሲወጣ ማሞ ወልዴ አንደኛ፣ መራዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆኑ። በመካከላቸው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ዱላ አልነበረም፤ ሆኖም አንዱ ሲደክም ሌላው የሚረከበው የአንድ ቤት ልምምድ ነበር። ታሪካችን አንደኛውን ይጽፋል፣ ሰባተኛውንና አሥረኛውን ግን ይተዋል። አንደኛውን በየማለዳው ያስሮጡት ግን እነዚሁ ነበሩ።

የረጅም ርቀት ዱላ ቅብብልን በሚገባ ያሳደገው አገር ጃፓን ነው። እነርሱ «ኤኪደን» ይሉታል፤ ስሙም ከጥንቱ የመልእክተኛ ማረፊያ ጣቢያዎች የመጣ ነው። የመጀመሪያው በ1909 ዓ.ም. ከኪዮቶ እስከ ቶክዮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የተሮጠ ሲሆን፣ ሯጮቹ የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን በትከሻ ላይ የሚጠለቅ መቀነት ነው። በ1912 ዓ.ም. የአራት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከቶክዮ እስከ ሃኮኔ ደርሶ መልስ ሮጡ፤ ይህ የተማሪዎች ውድድር ዛሬም በየዓመቱ በሁለት ቀን ይካሄዳል። አምስተኛው ተረኛ ከባሕር ጠረፍ አጠገብ ተነሥቶ ከ800 ሜትር በላይ ተራራ ይወጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ለዚያ ተራ የሚሆነውን ሰው አስቀድመው ይመርጣሉ፤ ለዳገት ብቻም ያሠለጥኑታል። ፈጣኑ ሁሉ ዳገት ወጪ እንዳልሆነ ያውቃሉና።

በዓለም አቀፍ ውድድርም የማራቶንን ርቀት ለስድስት ሯጮች ከፍሎ ማስሮጥ ከ1984 እስከ 1990 ዓ.ም. አራት ጊዜ ተደርጓል። የኢትዮጵያ ሴቶች በ1988 በኮፐንሃገን፣ በ1990 ደግሞ በብራዚል ማናውስ አሸነፉ። በወንዶች በኩል ግን ሦስቱን ኬንያ፣ አንዱን ሞሮኮ ወሰዱ። ሴቶቹና ወንዶቹ የተለማመዱት በአንድ አገር ዳገት ላይ ነው፤ ውጤቱ ግን ለየብቻ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ተራራው ሊሆን አይችልም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የ2011 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ነው። የተደረገው በዴንማርክ አገር፣ ኦርሁስ ከተማ ሲሆን፣ ዴንማርክ ተራራ የሌላት አገር ናት። አዘጋጆቹ ዳገት ሲያጡ ሯጮቹን ሣር በለበሰው የአንድ ቤተ መዘክር ተዳፋት ጣሪያ ላይ አስወጧቸው። በዚያ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ በሚሮጡት የድብልቅ ዱላ ቅብብል ኢትዮጵያ ሞሮኮንና ኬንያን አስከትላ አንደኛ ወጣች። በ2009፣ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ግን በኬንያ ተቀድማ ሁለተኛ ሆናለች። ኬንያም ደጋ አላት። ደጋና ደጋ ሲገናኙ የሚለየው የአሠራር ብልሃት ነው።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። በማለዳ ከእኛ በፊት የሚደርሱ ሯጮችን ቆመን ተመለከትን። በዛፎቹ መካከል አንድ በአንድ ተከታትለው፣ የኋለኛው የፊተኛውን ኮቴ እየተከተለ፣ ዳገቱን በቀጥታ ሳይሆን አግድም እየቆረጡ ይወጣሉ። መሪው ጥቂት ከመራ በኋላ ፈቀቅ ይልና ሌላው ይተካል። ጥቂት ስንመለከት ነገሩ ገባን፤ ይህ ዱላ የሌለው ዱላ ቅብብል ነው። ፊት የሚሮጠው ለኋለኞቹ መንገድ ይመርጣል፣ ልክም ያበጃል፤ ድካሙም በየተራ ይታደላል።

እኛም ልምምዳችንን በዚሁ አደስን። ከዳገቱ ሥር ቀስ ብሎ መነሣትን፣ ተቀባዩ ሲረከብ ከሰጪው ፍጥነት እንዳያልፍ መጠንቀቅን፣ ለሽቅቡ አንዱን፣ ለቁልቁለቱ ሌላውን መመደብን ያዝን። ከመካከላችን በሜዳ ላይ ዘገምተኛ የሚባለው ጓደኛችን በዳገት ከሁላችን የሚሻል ሆኖ ተገኘ። እርሱን ያገኘነው ተራራው ስላለ ብቻ አይደለም፤ አብረን ስለ ሮጥንና እርስ በርሳችን ስለ ተመለከትን ነው።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ዳገት ለኢትዮጵያ ሯጭ መሣሪያ ነው፤ ፈጣሪው ግን አይደለም። ሯጩን ያፈራው በሥርዓት የተመራና በአንድነት የተሠራ ልምምድ ነው። ድሉን ለአየርና ለአፈር የምንሰጥ ከሆነ ግን አሠልጣኝን ማክበርና ታናናሾችን ማስተማር አያስፈልግም ማለት ይሆንብናል፤ ተራራው እንደሆነ በየዓመቱ በቦታው አለና።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ አንድ ሥራ እንዲጀመር እናሳስባለን። በጉለሌና በእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ የቀድሞ ሯጮችና አሠልጣኞች የሚያስታውሱትን በቃላቸው ሳሉ እንጻፍላቸው። አንደኛ የወጡትን ዓለም ጽፏቸዋል። ሰባተኛና አሥረኛ የወጡትን፣ ፊት መርተው ፈቀቅ ያሉትን ግን እኛ ካልጻፍናቸው የሚረከባቸው የለም።