ለዕድሜ የሚሆን ጀልባ

እስቲ ዛሬ ስለ ጀልባ እናውራ። ባሕር ያላቸው አገሮች ሰዎች ባለሸራ ጀልባ ሲገዙ መጀመሪያ ዕድሜያቸውን ያማክራሉ አሉ። ጎረምሳው ትንሽና ፈጣን፣ ብትገለበጥ እንኳ መልሶ የሚያቃናትን ይመርጣል። ልጆች የወለደው መኝታና ማድ ቤት ያላት ሰፊ ይፈልጋል። ጡረታ የወጣው ደግሞ ሸራዋን ብቻውን፣ ያለ ብዙ ጉልበት የሚሰበስባትን። ይህን ያነበብኩ ቀን ስቄያለሁ። በኋላ ግን የሞጣና የቢቸና ሰው ትዝ አለኝ። እነሱም እኮ ለዕድሜያቸው የሚሆን መሻገሪያ ሲፈልጉ ነው የኖሩት!

ምሥራቅ ጎጃም ባሕር የለውም፤ አባይ ግን አለው። ከቢቸና ወደ ምሥራቅ ሜዳው ሲያልቅ ገደል ነው፤ ገደሉ ሲያልቅ አባይ፤ ማዶው ወሎ። ከሞጣ በስተሰሜን ደግሞ ማዶው በጌምድር። እዚያ ማዶ ገበያ አለ፣ ጠበል አለ፣ የተዳረች እህት አለች። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ጸጥ ላለ ውኃ ነው። እዚህ ገደል ውስጥ ግን ወንዙ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ነው የሚወርደው፤ ሸራማ ጭራሽ አይታሰብም።

ታዲያ በምን ይሻገሩ ነበር? በጋ ላይ ውኃው ሲጎድል በእግር። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ዋና የሚችል ጎረምሳ የተነፋ ስልቻ ደረቱ ሥር አድርጎ ይገባል። ይህ የወጣት ጀልባ ነው፤ ርካሽ፣ ፈጣን፣ አዞ የማይፈራ (ወይም አዞ መኖሩን የረሳ)። ነጋዴው ደግሞ ዕቃውን በጀንዲ፣ ማለትም በበሬ ቆዳ ጠቅልሎ ያስርና ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩለታል። ይህ የባለትዳር ጀልባ ነው፤ ጉልበቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ክረምት ሲገባ ምርጫ የለም፤ ቁጭ ማለት ነው።

ገንዘብም አባይን አያሸንፈውም። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ሊወርድ ሞክሮ ነበር። ብዙም ሳይርቅ ጉዞው ከሸፈ።

ዕድሜ የማይጠይቅ ጀልባ አንድ ብቻ ነው፦ ድልድይ። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1632–1667) በሞጣ በኩል አባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃን ያዘለችውም ከጎረምሳው እኩል ተሻገሩ። ከዚያ ጣልያን መጣ፤ የእነ በላይ ዘለቀ ዘመን። ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች የድልድዩን አንድ ቅስት ቆርጠው ጣሉት። ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ።

ልክ ነበሩ? እኔ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ? ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ወጣ፤ ክፍተቱ ግን ስድሳ ዓመት ያህል አልተደፈነም። ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከሥሩ አባይ እየጮኸ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ታሪክ ስንጽፍ የሰበሩትን እናወድሳለን። መወደስም ይገባቸዋል። በገመዱ ላይ የተንጠለጠሉትን ግን ማን ጻፋቸው?

የገመዱ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን ያየው ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ከአገሬው ሰው ጋር ክፍተቱ በብረት ተደፈነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። («አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? ብረትም ይዞ ይዞራል!) በ2009 ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ በአቅራቢያው ተሠራ።

እኛ የከተማ ልጆች አንድ ነገር ተሠራ ሲባል «እኔ እችለዋለሁ?» ብለን ነው የምንለካው። መንገዱን፣ ደረጃውን፣ ታክሲውን። ስለዚህ ጀልባ የምትመርጡ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ በራሳችሁ ዕድሜ ብቻ አትምረጡ። ለእናንተማ ስልቻም ይበቃል፤ እናታችሁስ በምን ትሻገር?