ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት

የፈረንሳዩ መሪ ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መሪ አደናወር እ.ኤ.አ. በ1963 የኤሊዜን ውል ሲፈራረሙ፣ ፈረንሳይና ጀርመን በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፋጅተው ነበር። በዚያው ዓመት የሁለቱ አገሮች የጋራ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ወጣቶቹ ሲገናኙ ፈረንሳዊው ጀርመንኛ፣ ጀርመናዊው ፈረንሳይኛ ይፈልጋል። እርስ በርስ ቢማማሩስ? በ1960ዎቹ መጨረሻ መልክ የያዘው ይህ ዘዴ ታንደም ተባለ። ታንደም ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ የሚነዳው ብስክሌት ነው፤ አንዱ ፔዳሉን ከተወው ሌላው ብቻውን ይለፋል።

እንዲህ የሚማር ሰው ደግሞ ትምህርቱን ራሱ መምራት አለበት። በ1969 ኢቭ ሻሎን በናንሲ ዩኒቨርሲቲ ክራፔል የተባለውን የቋንቋ ማዕከል መሠረቱ። ከእሳቸው በኋላ ማዕከሉን የመሩት ሄንሪ ሆሌክ በ1979 ለአውሮፓ ምክር ቤት ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ የተማሪን ራስ መቻል የገዛ ትምህርትን በኃላፊነት የመምራት ችሎታ ሲሉ ፈቱት። ምን እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚማር፣ መማሩንም በምን እንደሚለካ የሚወስነው ተማሪው ነው። ሆሌክ ግን ይህ ችሎታ ከሰው ጋር እንደማይወለድ፣ ሰው እንደሚለምደው አስረግጠዋል። ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ተማሪን ሜዳ ላይ መበተን ራስ መቻልን ማስተማር አይደለም።

ኢሜይል ሲመጣ ብስክሌቱ ድንበር ተሻገረ። በ1990ዎቹ ሄልሙት ብራመርትስ በጀርመን ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የኢሜይል ታንደም መረብ ዘረጉ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ደብዳቤው ግማሹ በራስ ቋንቋ፣ ግማሹ በሚማሩት ቋንቋ ይጻፋል፤ ስሕተትም ይታረማል።

እርማቱን ቀረብ ብለን እንየው። ጀርመንኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲጀምር «ደብዳቤ አገኘሁ» ሊል አስቦ «ደብዳቤ ሆንኩ» ብሎ ቁጭ ይላል። የጀርመንኛው «ቤኮመን» ማግኘት ነው፤ የሚመስለው የእንግሊዝኛው «ቢካም» ግን መሆን። ደብሊን ያለው የታንደም ጓደኛው ይህን ነቅሶ ይልክለታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጓደኛው የጻፈው ጀርመንኛ ታርሞ ይመጣለታል። መምህርም ደቀ መዝሙርም የሆኑ ሁለት ሰዎች አይናናቁም።

በ2006 ብራዚል ውስጥ በሳኦ ፓውሎ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ቴሌታንደም ተጀመረ፤ ተማሪዎቹ በቪዲዮ ፊት ለፊት ይተያዩ ጀመር። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ የእኩሌታው ውል አልተነካም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛው አልፈታ ያለው ወጣት አለ። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ አያቱ ስትደውል አማርኛው ከአፉ አልወጣ የሚለው የአበሻ ልጅ አለ። ወላጆች፣ እነዚህን ልጆች አገናኟቸው፤ ሠላሳ ደቂቃ በአማርኛ፣ ሠላሳ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያውሩ። የሚያወሩትን ግን ራሳቸው ይምረጡ።